ለሞሊ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሙከሚል ለንደን ከገባ ወዲህ ያልነዳው ነገር የለም ማለት ይቀላል። ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ነድቷል፤ የዳቦ ቤት ቫን ነድቷል፤ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት ቤት አመላልሷል። እርጅና ደጁን ማንኳኳት ሲጀምር የያዘውን ሥራ ግን ለወዳጆቹ በስሙ አይጠራላቸውም ነበር። “አሁንስ ምን ላይ ነህ?” ሲሉት “ዴሊቨሪ” ይላል። ውሸት አይደለም። የሚያደርሰው ዕቃ ነፍስ ያለው መሆኑን ብቻ ነው የሚተወው።

የሚያመላልሰው የሩጫ ውሾችን ነው። ግሬይሀውንድ ይሏቸዋል። እኛ በየሰፈሩ አጥር ሥር ተኝቶ እንደምናውቀው ውሻ አይደሉም። ወገባቸው የቀጠነ፣ ደረታቸው የወረደ፣ እግራቸው የሚዳቋ የሚመስል፣ ቆመው ሳለ እንኳ የሚንቀጠቀጡ ፍጥረቶች ናቸው። ስድስት ሆነው፣ ቁጥር ያለበት ባለቀለም ልብስ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው ጠባብ የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። በኤሌክትሪክ የሚነዳ የጨርቅ ጥንቸል ከፊታቸው ሽው ሲል የሣጥኑ በር ይከፈታል፤ ሰው ዐይኑን አሽቶ ሳይጨርስ ሩጫው አልቋል። አብዛኛው የሚካሄደው በጠራራ ቀን፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ነው። የሚሮጡት በየቁማር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ሙከሚል በሚኖርበት በካሌዶኒያን ሮድም እንዲህ ያለ ቤት አለ። አንዳንድ ቀን በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ፣ የሚያውቃቸው ሰዎች፣ ጠዋት እሱ ራሱ ጭኖ ያደረሳቸውን ውሾች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ ይመለከትና አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

አሠሪው ሌን የሚባል ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው። በከተማይቱ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቤቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ፣ ውሾች ያረባል፣ ያሠለጥናል፣ ያሮጣል። ሙከሚል ሥራውን ሲቀበል አንድ ነገር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

“እነዳለሁ እንጂ አልነካም።”

“አንተ መሪውን ንካ፤ ውሾቹን እኔ እነካልሃለሁ” አለና ሌን ሳቀ።

ውሉ እንዲህ ሆኖ ቢጀመርም ኑሮ ውል አያውቅም። አንድ ቀን የሌን ወገብ ይያዛል፤ ሌላ ቀን ውሻ ከቫኑ አልወርድ ይላል። ሙከሚል ጓንት ገዛ። ሚስቱ ቶይባ ነገሩን የደረሰችበት ከሱሪው ላይ በለቀመችው ፀጉር ነው።

“የናዲራ አባት፣ ይሄ ፀጉር የምንድን ነው?”

“የ… የሥራ ነው።”

“ሥራ ፀጉር ያበቅላል?”

አመነላት። ቶይባ ሱሪውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆመች። “በአላህ! ውሻ ነክተህ ሰባት ጊዜ ሳትታጠብ ምንጣፌን እንዳትረግጥ። አንዱን ደግሞ በአፈር!”

“ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አፈር ከየት ላምጣ?”

“እኔ እንጃልህ። የአበባ ማሰሮዬን ብቻ እንዳትነካ!”

ከዚያ ወዲህ የሥራ ልብሱንና ጫማውን ቫኑ ውስጥ ትቶ፣ ታጥቦና ለውጦ መግባት ልማዱ ሆነ። ቶይባም ነገሩን አላነሣችም። እንጀራ ነውና።

ሞሊ አመድማ መልክ ያላት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት ውሻ ነበረች። ሙከሚል በሌሎቹና በእሷ መካከል ልዩነት ያየው በመንዙማ ምክንያት ነው። ሲነዳ የወሎ መንዙማ ይከፍታል። ሌሎቹ ከኋላ ያላዝናሉ፤ ሽቦውን ይቧጥጣሉ። ሞሊ ግን ድቤው ሲጀምር ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች፤ አገጯን መዳፏ ላይ ታሳርፍና እስከሚደርሱ ድምፅ አይሰማባትም። “አንቺማ መሻይኽ ሆነሻል” ይላታል፣ በመስታወቱ እያያት። ስሙን ሲጠሩት እንኳ ቀና የማይል ሰው ለውሻ ማውራት ጀመረ።

ይህን ሥራ በያዘ ጊዜ ብዙ ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፍን ተምሯል። እነዚህ ውሾች ሕይወታቸውን የሚያሳልፉት በጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ደረጃ መውጣት አያውቁም፤ መስተዋት ያስደነግጣቸዋል። የዘገየ ውሻ አይሮጥም፤ የማይሮጥ ውሻ ቦታ ይይዛል። አንዳንዱን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቀብለው ለሰው ቤት ይሰጡታል፤ እነሱም ጋ ወረፋው ረጅም ነው። ሙከሚል ባዶ የሆነ ክፍል ሲያይ “ያ ጥቁሩ የት ሄደ?” ብሎ ይጠይቅ ነበር በመጀመሪያ ሰሞን። ሌን “ቤት አገኘ” ይለዋል። ሲለው ፊቱን የሚያዞርበት ቀን እንዳለ ካስተዋለ በኋላ ግን መጠየቁን ተወ።

ሞሊ የወደቀችው ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን ነው። ቀይ ልብስ ለብሳ፣ ከውስጠኛው ሣጥን ወጥታ፣ ከሁሉ ቀድማ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደረሰች። ከመሐል የመጣው ውሻ ወደ ውስጥ ሲገፋት እርጥቡ አሸዋ ከዳት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንከባለለች። የቀሩት በላይዋ አለፉ። ጥንቸሉም ዞረ፤ ውሾቹም ተከተሉት፤ ሩጫው አልቆመም።

ሌን ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሌላ ውሻ ይዞ ነበር። ቅርብ የነበረው ሙከሚል ነው። አጥሩን እንዴት እንደዘለለው አያውቅም። ስትነሣ አየ፤ ስትራመድ የኋላ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች እንደ ጨርቅ ሲወዛወዝ አየ። ጓንቱ ቫኑ ውስጥ ነው። እጁን ከሆዷ በታች ሰደደና አነሣት። አልጮኸችም። አፍንጫዋን በብብቱ ሥር ሸጎጠችና ትንፋሿ ልብሱን አልፎ ቆዳው ድረስ ሞቀው።

የሜዳው ሐኪም እግሯን አስሮ፣ የሕመም ማስታገሻ ወግቶ፣ “ይጠገናል። ግን ከዚህ በኋላ አትሮጥም” አለ። ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል፤ ከዚያም ለወራት ሳትዘል ሳትሮጥ የሚያስታምማት ሰው። ሌን ሰማና ሞሊን ወደ ቫኑ ወሰዳት። ወደ ቤት ሲመለሱ ከመንገዱ ላይ ዐይኑን ሳይነቅል “የእኔ ሐኪም ሳምንቱ ሳያልቅ ብቅ ይላል” አለ።

ሙከሚል ምን ማለት እንደሆነ ገባው፤ ያ ሐኪም የሚመጣው ሊያድናት ሳይሆን በመርፌ ሊያሳርፋት ነው። ውሾቹን አውርደው ሲጨርሱ፣ ሌን የሞሊን በር ሲዘጋ ጠብቆ ጠየቀው።

“ለእኔ ስጠኝ።”

“ለአንተ? አንተ እኮ አትነካቸውም።”

“ዛሬ ነካኋት።”

“አንድ ቀን!” ሌን ራሱን ነቀነቀ። “ስማኝ ሙክ፣ ልብህ ደግ ነው። ልባቸው ደግ ለሆኑ ሰዎች ስንት ውሻ ሰጥቼ መሰለህ? አንዱን የመንገድ አጥር ላይ ታስሮ አገኙት። ሌላውን ገና በወሩ መለሱልኝ፣ አጥንቱ ወጥቶ። ውሻ ይዘህ በማታውቅበት ቤት ስትሰቃይ ከምትከርም ሳታውቀው ብታርፍ ይሻላታል። አይሆንም።”

ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ሙከሚል ይጣላው ነበር። ጨካኝ አልነበረም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

በማግስቱ ለናዲራ ደወለ። ልጁ ስትሪትሃም ትኖራለች፤ ከቤቷ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አላት።

“አባ፣ ሲሪየስሊ? አንተ? ውሻ?”

“አዎ፣ እኔ።”

ሳቀች፤ ዝም ሲላት ደግሞ መሣቋን ተወች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። “ላንድሎርዱን ጠይቄዋለሁ፣ ኦኬ ብሏል። ለኦፕሬሽኑ የሚረዳ ቻሪቲ አለ፤ እኔ አፕላይ አደርጋለሁ። አምጣት ብቻ።”

ቤት ተገኘ፤ አስታማሚ ተገኘ። የቀረው የሌን “እሺ” ብቻ ሆነ። ሙከሚል ያን ማታ እራቱ ሳይነካ ቀዘቀዘበት። ቶይባ ሳህኑን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

“ውሻ ከገባ ናዲራ ቤት ሄጄ አልሰግድም፤ ይኸው ተናግሬያለሁ” አለች። ቀጥላ ግን፣ “ሰውዬው እምቢ ካለ ምን ትቆዝማለህ? ሰው እምቢ ሲል ሽማግሌ ይላካል እንጂ!” አለችው።

ከእሱ ራስ ያልወጣው ነገር ከእሷ አፍ ወጣ። እውነትም፣ በተወለደበት በከሚሴ ሽማግሌ ገብቶበት ያልተፈታ ነገር አያውቅም። ኬንቲሽ ታውን ለሚኖሩት ለሐጂ ሙባሽር ደወለ። ሐጂ ሙባሽር የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ በሰሜን ለንደን በእሳቸው ሽምግልና የጸናው ትዳር ብዙ ነው።

“የማን ልጅ ናት?” አሉት ገና ስለ ሽምግልና አንሥቶ ሳይጨርስ።

“ልጅ አይደለችም ሐጂ። ውሻ ናት።”



“ከማን ጋር ነው የተጣላችው?” አሉ ሐጂ።

ሁሉን ነገራቸው። ሐጂ ሙባሽር ሲሰሙ ቆይተው ተነፈሱ። “እሷም የአላህ ፍጡር ናት። ሁለት ሰው ልጨምር” አሉ። የጨመሯቸው አቶ ብርሃኑና አቶ ሳዶቅ ነበሩ፤ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የሐጂ የብዙ ዘመን የሽምግልና ባልንጀሮች። አቶ ሳዶቅ ካውንስል በሚሉት ማዘጋጃ ቤት የሠሩ ስለሆኑ እንግሊዝኛው የእሳቸው ነው። አቶ ብርሃኑ “የውሻ ሽማግሌ ሆኜ ስሞት ዕድርተኛው ምን ብሎ ይቀብረኛል!” እያሉ አጉረመረሙ፤ በቀጠሮው ቀን ግን ከሁሉ ቀድመው፣ ከረባት አሥረው ተገኙ።

ሙከሚል በመኪናው ወሰዳቸው። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ከበሩ ውጪ መኪናው ውስጥ ቀረ። የሚሉትን አይሰማም፤ የሚያየው ግን ሁሉ ፊት ለፊቱ ነው። ሦስቱ በሌን ግቢ መሐል ተሰልፈው ቆሙ። ሌን ወንበር አወጣላቸው፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሌን ግራ ተጋብቶ ወንበሩን እያሳየ ደገመ፤ እነሱም በአክብሮት ጎንበስ እያሉ መቆማቸውን ቀጠሉ። አቶ ሳዶቅ ብዙ ተናገሩ። ሌን ወደ መኪናው አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ ተናገሩ፤ አቶ ሳዶቅ ተረጎሙ። አቶ ብርሃኑ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሌን እጁን አወራጨ፤ ፊቱ ቀላ፤ በድንገት ዞሮ ወደ ውሾቹ ቤት ገባ።

ሲወጣ ሞሊን ይዞ ነበር። በሦስት እግሯ እየነጠረች፣ የታሰረውን እግሯን አንጠልጥላ ወጣች። ሌን የአንገቷን ገመድ ወደ ሐጂ ሙባሽር ዘረጋው።

ሙከሚል የመኪናውን የኋላ በር ለመክፈት እጁን ሰደደ።

ሐጂ ሙባሽር ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። አቶ ሳዶቅ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ሌን ገመዱን እንደዘረጋ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና ሞሊን ይዟት ተመለሰ። በሩ ጋ ስትደርስ አንገቷን አዞረች፤ ሌን ቀስ አድርጎ አስገባት።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ መጡ።

“አበቃ! ተፈታ!” አሉ አቶ ብርሃኑ በሩን ሲከፍቱ።

“ውሻዋስ?”

“እሑድ” አሉ ሐጂ።

“ገመዱን ሰጥቷችሁ አልነበረም እንዴ?”

“ሰጥቶን ነበር፤ ግን በቁጣ። ‘ይኸው ውሰዷትና ከዚህ ሂዱልኝ’ ነው ያለው። በቁጣ የተሰጠ ነገር ይወሰዳል እንዴ ሙከሚል? ነገ ልቡ ሲበርድ ‘ሽማግሌ ነን ብለው ቀሙኝ’ ይላል። ቁጣው ይብረድ፤ እሑድ መርቆ ይሰጠናል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።”

“ሐጂ፣ ሐኪሙ ሳምንቱ ሳያልቅ ይመጣል ብሎኛል።”

“ይምጣ! ነገሩ በሽማግሌ እጅ ገብቷል እኮ። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ሽማግሌ መሐል ከገባ ቀጠሮው እስኪደርስ እጁን ይሰበስባል።”

“ይሄ ሰው እንግሊዝ ነው።”

“እንግሊዝ ሰው አይደለም?”

ሙከሚል ወደ አቶ ሳዶቅ ዞረ። “እሑድ እንመጣለን ስትሉት ምን አለ?”

“‘እንደፈለጋችሁ’ አለ” አሉ አቶ ሳዶቅ። “ምን ይበል? በጎ መልስ ነው።”

የሙከሚል እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር። ሐጂ ሙባሽር አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ፣ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ኋላ ተመልሶ ከገባ ሽምግልናው ፈረሰ። ለእኛም ውርደት ነው፤ ከእንግዲህም ለማንም አልነሣልህም።”

የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው፣ አውቶቡስ ለውጠው እሱ ቤት ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። ለውሻ ብለው ሰው ፊት ቆመዋል። ምን ብሎ ያልፋቸዋል? እጁን ከበሩ አነሣ። ሞተሩን አስነሣ።

ያን ሰሞን ሜዳው የዝናብ ውሃ ስለተኛበት ሩጫ አልነበረም፤ ሌንም አልጠራውም። ሙከሚል ስልኩን ያነሣል፤ ስሙ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ መልሶ ያስቀምጣል። ቶይባ “ተው እንጂ፣ ነገሩ ተይዟል” ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ተይዟል። አንድ ጊዜ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሌን በሚወስደው መንገድ ስትራትፎርድ ድረስ ነዳ፤ እዚያ ቆመና፣ እንዳላየ ገብቶ ቢያያት ምን ነውር አለው እያለ ከራሱ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ተመለሰ። ናዲራ ስልክ ደውላ ለሞሊ መኝታ መግዛቷን ነገረችው። “አባ፣ ትልቅ ነው፤ ሳሎኑን ሞላው።”

እሑድ ሐጂ ሙባሽር ለሌን ስጦታ የሚሆን ተምር በካርቶን ይዘው መጡ። ሁለተኛው ቀን የምስጋና ነውና ባለጉዳዩም ገብቶ እጅ ይነሣል፤ ሙከሚልም አብሯቸው ወረደ። ሌን ግቢውን በውሃ ቱቦ እያጠበ ነበር። አራት ሰው ለባብሶ ሲመጣ ሲያይ ውሃውን ዘጋ።

“ሞሊን ልንወስድ መጣን” አለ ሙከሚል።

ሌን አንዱን ካንዱ እያፈራረቀ አያቸው።

“ሐኪሙ ሐሙስ መጣ” አለ።

 አቶ ሳዶቅ ለመተርጎም አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ሐጂ ገብቷቸዋል፤ አቶ ብርሃኑም ገብቷቸዋል።

“ቀን ቆርጠን አልነበረም?” አሉ ሐጂ በአማርኛ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። አቶ ሳዶቅ ይህን ተረጎሙት።

“ገመዱን እጃቸው ላይ ላደርግላቸው ዘርግቼ ነበር” አለ ሌን ለሙከሚል። “አንወስድም አሉኝ። ሲያዩዋት እግሯ አስፈራቸውና አይ ማለት አሳፈራቸው ብዬ ነው ያሰብኩት። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል፤ እንመለሳለን ይልና አይመለስም። እስከ ሐሙስ ስልክህን ጠብቄ ነበር እኮ። ማስታገሻውም አልቆ ማታ ማታ ታቃስት ጀመር።” በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። “ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ነው የሄደችው። አልተሰቃየችም።”

ከውሾቹ ቤት አንዱ መጮኽ ሲጀምር ሌሎቹ ተቀበሉት። ሌን እስኪያበቁ ጠበቀ።

“ለምን አልወሰዷትም ሙክ? እውነቱን ንገረኝ።”

ሙከሚል አሰበ። “ስለ አክብሮት ነው” አለ። “አንተን ስላከበሩህ።”

“እኔን?” አለ ሌን።

ሙከሚል ከዚያ በላይ የሚጨምረው እንግሊዝኛ አልነበረውም። አማርኛም አልነበረውም። ሐጂ ሙባሽር የተምሩን ካርቶን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ነበር። መልሰው ይዘውት መሄድም ነውር ሆነባቸው፤ መስጠትም አቃታቸው። በመጨረሻ አቶ ብርሃኑ ከእጃቸው ወስደው የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

ሊሄዱ ሲሉ ሌን ጠራው። “ሜዳው ደርቋል፤ ማክሰኞ ሩጫ አለ። ትመጣለህ?”

ሙከሚል አልመጣም ቢል ውሾቹን ሌላ ሹፌር ይወስዳቸዋል፤ ሩጫውም ይሮጣል፤ መታጠፊያውም እዚያው አለ።

“እመጣለሁ” አለ።

መኪናው ውስጥ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ሐጂ ሙባሽር ከፊት ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ አልቆጠሩበትም፤ እንደጨበጡት ቀሩ። ገና ዋናው መንገድ ሳይደርሱ የሙከሚል ስልክ ጠራ። የስልኩ መስታወት ላይ የናዲራ ስም ወጣ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመና እንደገና ጀመረ።

“አንሣው እንጂ” አሉ ሐጂ።

“እየነዳሁ ነው” አለ ሙከሚል፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ።